እግረኛ መንገዱ ተሠራ፣ ከቤት የሚያወጣን ሰውስ? ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣
ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ፣
እንዲሁም አጠገባችን ለምትኖሩ የከተማችን ሰዎች በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ወሬ ሳላበዛ ወደ ጉዳዬ ልግባ። እኛ አካል ጉዳተኞች በገዛ ቤታችን፣ በለመድነው ሰፈር፣ እንደ ማንኛውም ሰው ለመኖር ከከተማው የምንፈልገው ብዙ ነገር አለ። ከሁሉም የሚቀድመው ግን ረዳት ነው። ደመወዝ የሚከፈለው፣ እኛ ራሳችን የምንመርጠው፣ በሰዓቱ የሚመጣ ሰው። ስለ ራምፕ (በደረጃ ፋንታ ዊልቸር ስለሚወጣበት ተዳፋት) እና ስለ ሊፍት ሲወራ እሰማለሁ፣ እኔም ከታች አነሳዋለሁ። ስለ ረዳት ግን የሚያነሳ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም፣ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከሁሉ በላይ ስለ እሱ ነው።

ማን እንደሆንኩ ልናገር። በመኪና አደጋ አከርካሪዬ ተጎድቶ ዊልቸር የምጠቀም ሰው ነኝ። ልደታ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ የትናንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ ቤቴ ሆኜ እሠራለሁ። ግብሬን እከፍላለሁ። ከአልጋ የሚያነሳኝ፣ የሚያጥበኝ፣ ዊልቸር ላይ የሚያስቀምጠኝ ሰው ግን እናቴ ናት። ዕድሜዋ ሰባ ሊሞላ ነው፣ ወገቧን ያማታል። ለቅሶ እንኳ ስትሄድ ዓይኗ ሰዓት ላይ ነው። ቁልቢ ገብርኤል የምታስገባው ስለት አለባት፤ ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር «አንተን ማን ያነሳሃል?» ትልና ትቀራለች። እኔን የሚረዳኝ ሌላ ሰው ስለሌለ እኔም የራሴ ሕይወት የለኝም፣ እሷም የራሷ የላትም።

ከቤት መውጣት ስፈልግ የሰፈር ልጆች ይጠራሉ። አይቶት ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ዊልቸር ከነሰው ደረጃ የሚወርደው ፊቱን ወደ ታች አዙሮ ነው። አንድ ጠንከር ያለ ልጅ ከኋላ እጀታውን ይዞ ወደ ራሱ ያጋድለዋል፣ ክብደቱ በሙሉ ሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች ላይ ያርፋል። ሌላው ከፊት ሆኖ ዋናውን ብረት ይይዛል። ዋናውን ብረት ነው የምለው፣ ምክንያቱም የክንድ ማስደገፊያውን ወይም የእግር ማሳረፊያውን ከያዘ ዕቃው ተነቅሎ እጁ ላይ ይቀራል፣ እኔ ደግሞ ወደ ታች እሄዳለሁ። ከዚያ አንድ አንድ ደረጃ ነው። ጎማው ጠርዙ ላይ ይደርሳል፣ ኋላ ያለው ልጅ ትንፋሹን ይይዛል፣ ጎማው ጧ ብሎ ያርፋል፣ ቀጣዩ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ፍሬን ይይዙልኝና ትንሽ ያርፋሉ። ክረምት ላይ ሲሚንቶው ርሶ ሲያዳልጥ ባልወጣ እመርጣለሁ።

ልጆቹን እግዚአብሔር ይስጣቸው። አንድም ቀን ፊታቸውን አጥቁረው አያውቁም። ግን ሥራ አላቸው፣ ፈተና አላቸው፣ ይታመማሉ፣ ሰፈር ይቀይራሉ። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስይዝ መጀመሪያ የምጠይቀው ልጆቹ መቼ እንደሚገኙ ነው። ሰው ተቆጥቶ እንዳይቀርብኝ ብዬ የምውጠው ነገር ብዙ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ረዳት ቢሆን ግን «ዛሬ ዘግይተሃል» ማለት እችላለሁ። በውለታ የሚረዳህን ሰው እንዲህ አትለውም።

ራሱን የቻለ አካል ጉዳተኛ ሲባል ካልሲውን ለብቻው የሚያጠልቅ ሰው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ካልሲዬን ሰው ቢያጠልቅልኝ ቅር አይለኝም። መቼ እንደምነሳ፣ ምን እንደምለብስ፣ የት እንደምሄድ፣ ከማን ጋር እንደምኖር የምወስነው እኔ ልሁን። ይህ ከእኔ የመጣ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ኤድ ሮበርትስ የሚባል አሜሪካዊ በፖሊዮ ምክንያት ከአንገቱ በታች ሰውነቱን ማዘዝ የማይችል፣ ለመተንፈስም ማሽን የሚያስፈልገው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማሽኑን የሚችል ማደሪያ ስላልነበረ በግቢው ሆስፒታል ውስጥ እያደረ ተማረ። እሱና ጓደኞቹ ረዳቶቻቸውን ራሳቸው እየቀጠሩ፣ ራሳቸው እያሠለጠኑ መኖር ጀመሩ፤ በ1972 ደግሞ በዚያው ከተማ በአካል ጉዳተኞች የሚመራ ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል ተከፈተ። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ከባድ ጉዳት ላለበት ሰው የግል ረዳት ማግኘትን በሕግ መብት አድርጋዋለች። ሰውየው ረዳቱን ራሱ ይመርጣል፣ ወጪውን የሚሸፍነው መንግሥት ነው።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገሩ ግን የእኛም ሕግ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ላይ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። የስምምነቱ አንቀጽ 19 የሚለውን በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። አካል ጉዳተኛ የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር ይመርጣል፤ ተገዶ አንድ ቦታ እንዲኖር አይደረግም፤ ከኅብረተሰቡ ተገልሎ እንዳይቀር የሚያስፈልገውን ድጋፍ ያገኛል፣ የግል ረዳትንም ጨምሮ። የግል ረዳት የሚለው በግልጽ ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት ይመድባል ይላል። አቅም ውስን መሆኑን እረዳለሁ። ውስን አቅም ትንሽ ያስጀምራል እንጂ ጨርሶ አለመጀመርን አያመጣም።

ደግሞም አሁን ወጪ የለም ማለት አይደለም። ወጪውን እየከፈሉ ያሉት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ሥራዋን የተወች እናት ትከፍላለች። ታናሽ ወንድሟን ለመጠበቅ ከትምህርት የቀረች እህት ትከፍላለች። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ «ታግዘናለች» ተብላ ከገጠር የምትመጣው የዘመድ ልጅ ናት። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ትልቅ ሰው ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ሌሊት ትገለብጣለች። የረባ ደመወዝ የላትም፣ ትምህርትም የላትም። የእኛ በቤታችን መኖር በዚህች ልጅ ጫንቃ ላይ መሆን የለበትም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። አራዳን፣ ቂርቆስንና ልደታን በመሳሰሉ መሐል ከተማ ክፍለ ከተሞች በጥቂት ወረዳዎች ይጀመር። እንደ እኔ ላለ ሰው ጠዋት መጥቶ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ማታ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል የሚቆይ ረዳት ሕይወት ይቀይራል። ማየት ለተሳናት ሴት በሳምንት ጥቂት ሰዓት ገበያ አብሯት የሚወጣ፣ የመጣላትን ወረቀት የሚያነብላት ሰው ሊበቃት ይችላል። መስማት ለተሳነው ሰው ሐኪም ቤትና ፍርድ ቤት ሲሄድ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ወጣት ታክሲ መሳፈር፣ ሒሳብ መክፈል፣ ወጥ መሥራት እስኪለምድ አብሮት የሚሆን ሰው ይፈልጋል። ረዳቱን የሚመርጠውም የሚያሰናብተውም ተረጂው ይሁን። ወረዳው መዝግቦ ያሠልጥን፣ ይክፈል፣ ይቆጣጠር። ለአከፋፈሉ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ ድሃ ነዋሪዎችን በሚደግፈው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ ሲሰጥ የተዘረጋ መዋቅር አለ። ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችም በየወረዳው ስማቸውን አስመዝግበው እየጠበቁ ነው።

ስንት ሰው ነው የሚያስፈልገው ትሉ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ቤት ለቤት ሄዶ በደንብ መጠየቅ ነው። የ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ በኢትዮጵያ ያለውን አካል ጉዳተኛ ከሕዝቡ 1 በመቶ ብዙም የማይበልጥ አድርጎት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ዘገባ ደግሞ 17.6 በመቶ የሚል ግምት አስቀመጠ። ይህ ሁሉ ልዩነት በአብዛኛው ከአጠያየቅ የሚመጣ ነው። «ቤታችሁ አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲባል ሰው ያፍራል፣ ይደብቃል፣ ወይም «እማማ እኮ እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። «ደረጃ ለመውጣት የሚቸገር አለ? ለመስማት፣ ለማየት፣ ለመልበስ የሚቸገርስ?» ብትሉት ይነግራችኋል። ወረዳዎች እንዲህ ብለው ይጠይቁ፤ አስከትለውም «ምን ዓይነት እገዛ፣ በቀን ስንት ሰዓት?» ይበሉ።

አሁን ስለ ቤት። በኮንዶሚኒየም ዕጣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ድርሻ መመደቡ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ብሎኮች ሊፍት የላቸውም፣ ምድር ቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለንግድ ይሸጣል። የተከራየን ሰዎች ችግር ከዚህ ይብሳል። ምድር ላይ ያለ ቤት ሲገኝ አከራዩ ዊልቸሬን ያይና «ተከራይቷል» ይለኛል፣ ወይም «አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል?» ይላል። ከተማው በቀላሉ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አለ። ላይኛው ፎቅ ላይ ያለ አካል ጉዳተኛና ምድር ላይ ያለ ጎረቤት ተስማምተው ቤት መለዋወጥ ሲፈልጉ የስም ማዛወሪያው ክፍያና ውጣ ውረዱ ይቅርላቸው። የመታጠቢያ ቤት በርም አትርሱ። ዊልቸር በስፋት ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በሩ 70 ከሆነ እጄን ልጬ ነው የማልፈው፣ ብዙ ጊዜም አላልፍም።

የኮሪደር ልማቱን በተመለከተ ምስጋና አለኝ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መሐል ከተማው ላይ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለእኔ ትልቅ ነገር ናቸው። አራት ኪሎ ወርጄ በራሴ እጅ ጎማዬን እየገፋሁ ወደ ፒያሳ መውጣት መቻል፣ ዳገቱ ቢያደክምም፣ ድሮ ያልነበረ ነገር ነው። ዓይነ ስውራንን የሚመራው ቢጫ ንጣፍም ጥሩ ነው፤ ሰው ሞተር ሳይክል ባያቆምበት፣ የቡና በርጩማ ባይደረድርበት። ከመንገዱ ወደ ሕንፃው ስንዞር ግን ነገሩ ይቆማል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤትም እንዲመቻችላቸው አዝዟል። ራምፕ ተብሎ የሚሠራው አንዳንዴ ልጆች የሚንሸራተቱበት ነው የሚሆነው። የታወቀው ልክ 1 ለ12 ነው፣ ማለትም ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት። ሦስት ደረጃ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ራምፑ 6 ሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ከዚያ ካጠረ ሰው ካልገፋኝ አልወጣውም፤ ስወርድም አያስተማምነኝም። ሕንፃ ሲረከብ የሚፈርመው ሰው ይህን በሜትር ለክቶ ይፈርም። ከመሬት ከፍ ብለው የተሠሩ የባቡር ጣቢያዎችም ሊፍታቸው ካልሠራ ለእኛ የተዘጉ ናቸው፤ የጥገና በጀት የራምፕን ያህል ያስፈልጋል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይህ የሚያስጨንቀኝ ነው። መሐል ከተማው ሲታደስ ነዋሪው ወደ ዳር ይነሳል። ፒያሳ ተወልዳ ያደገች፣ ማየት የተሳናት መምህርት ወዳጅ አለችኝ። የሰፈሯን ጉብታና ጉድጓድ በእግሯ ታውቀዋለች። ባለሱቁ በድምጿ ይለያታል፣ ብሯን ይቆጥርላታል፣ ታክሲ ላይ የሚያሳፍራት ልጅ አለ፣ እድሯ እዚያ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኗ እዚያ ነው። ሩቅ ወዳለ አዲስ ሰፈር ስትዛወር ቤቱ ከበፊቱ የተሻለ ነበር፣ ውሃ አለው፣ ኩሽና አለው። ግን ማንም አያውቃትም። ለረጅም ጊዜ ከግቢዋ ሳትወጣ ቆየች፣ ሥራዋም ላይ ለመድረስ ከጎህ በፊት መነሳት ግድ ሆነባት። እንግዲህ የማኅበረሰብ ድጋፍ የምንለው እሱ ባለሱቅና ያ ልጅ ናቸው። ሰፈር ሲነሳ አካል ጉዳተኛ ያለበት ቤተሰብ ቀድሞ ይጠየቅ፣ እዚያው አቅራቢያ የሚቆይበት መንገድ ይፈለግ፣ መሄዱ ግድ ከሆነም ከጎረቤቱ ጋር ይሂድ። አዲሱን ሰፈር የሚያለማምደው ሰውም ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይመደብለት።

ስለ ውሳኔ ደግሞ ይህችው ወዳጄ ባንክ ሄዳ የገዛ ገንዘቧን ለማንቀሳቀስ ምስክር አምጪ ተብላለች። ዲግሪ ያላት፣ ተማሪ የምታስተምር ሴት ናት። የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 የዓይነ ስውር ፊርማ በሕግ ሥልጣን ባለው ሹም ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ያኔ ሰውን ከመታለል ለመጠበቅ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ዛሬ በድምፅ የሚያነብ ስልክ ኪሷ ውስጥ እያለ ምስክር ፍለጋ ስትዞር ትውላለች። ሕጉን መቀየር የከተማው ሥልጣን እንዳልሆነ አውቃለሁ። እናንተ ግን ለሚመለከተው ክፍል ልትጽፉ ትችላላችሁ፣ በየወረዳውም ቢሆን ደንበኛው ራሱ እያለ አብሮት የመጣውን ሰው የሚያናግር ሠራተኛ እንዲታረም ማድረግ ትችላላችሁ።

የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች እናቶች ሲገናኙ የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው። «እኔ ስሞት ማን ያይልኛል?» ዘሚ የኑስ ለገዛ ልጇ የሚሆን ቦታ ስታጣ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፣ የብዙ እናቶችም መጠለያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈች፣ ነፍሷ በሰላም ትረፍ። እንዲህ ያለ ሸክም በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ መውደቅ አልነበረበትም። ለእነዚህ ልጆች መልሱ ከከተማ ውጭ የሚሠራ ትልቅ ግቢም አይደለም። ለሁለት ለሦስት ሆነው የሚኖሩበት፣ ረዳት ያለበት፣ ሰፈር መሐል ያለ ተራ ቤት ነው።

ለእናንተ ለጎረቤቶቻችን ደግሞ ጥቂት ነገር ልበል። ካፌ ስቀመጥ አስተናጋጁ ጓደኛዬን «ምን ልታዘዝለት?» አይበል፣ እኔን ይጠይቀኝ። የታክሲ ረዳቶች፣ የዊልቸሩንም ሒሳብ ስታስከፍሉን እንጎዳለን፤ ዊልቸሩ ይታጠፋል፣ ከኋላ ይገባል፣ ደቂቃ አይፈጅም። መንገድ ዳር ሰው ስጠብቅ ጭኔ ላይ ብር አታስቀምጡ። ልትገፉኝ ስታስቡ መጀመሪያ ጠይቁኝ፣ በራሴ እየሄድኩ ሊሆን ይችላል። አከራዮች፣ ቤታችሁን ለማንም እንደምታከራዩት አከራዩን። የእድር ዳኞች፣ ስብሰባውን ፎቅ ላይ አታድርጉት፤ መዋጮ ከፍለን ለቅሶ መድረስ ያቃተን ብዙ ነን።

ለከንቲባ ጽሕፈት ቤቱና ለቢሮው የማቀርበው የመጨረሻ ጥያቄ በዚህ ጉዳይ እንድታነጋግሩን ነው። ኅዳር 24 የአካል ጉዳተኞች ቀን ነው፣ አዳራሽ ይከራያል፣ ንግግር ይደረጋል። ዘንድሮ ከዚያ ቀደም ብሎ ስለ ረዳት ፕሮግራሙ ብቻ የሚነጋገር ስብሰባ አዘጋጁ። የበጀት ኃላፊው ይኑር። ከየአካል ጉዳተኞች ማኅበሩ ሰው ጋብዙ፣ እናቶችንም ጋብዙ። ስብሰባው ምድር ላይ ይሁን፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይኑር፣ የሚታደለው ወረቀት ስልክ በድምፅ ሊያነበው በሚችል መንገድ አስቀድሞ ይላክልን። ቀኑን ከሳምንት በፊት ንገሩን፣ የሚያወርዱኝን ልጆች መለመን አለብኝና።

ከአክብሮት ጋር፣
የልደታ አካባቢ ነዋሪ